ሐሳብ ያለ ቃል ይሻገራል? ሳይንስ ቴሌፓቲን የፈተነበት መንገድ

በ2024 መጨረሻ አንድ የአሜሪካ ፖድካስት ብዙ አድማጭ አገኘ። መናገር የማይችሉ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የእናታቸውን ሐሳብ ያነባሉ የሚል ነው። እናት አንድ ቁጥር ታያለች። ልጁ ቁጥሩን ሳያይ በፊደል ሰሌዳ ላይ እየጠቆመ ይመልሳል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ የኢሎን መስክ ኩባንያ ኒውራሊንክ፣ አንጎል ውስጥ የሚተከለውን የመጀመሪያ ምርቱን «ቴሌፓቲ» ብሎ ሰየመው። ነገሩ እንደገና መነጋገሪያ ሆነ።

ብዙ ሰው ሳይንስ ቴሌፓቲን ንቆ እንደተወው ያስባል። አረጋግጦ ደብቆታል የሚሉም አሉ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከ140 ዓመት በፊት ጀምሮ በዘመናቸው አሉ የተባሉ ሊቃውንት ጉዳዩን በቁም ነገር መርምረውታል፤ የሠሩትም ተጽፎ ይገኛል። ያን ታሪክ ያወቀ ሰው የዛሬውን ወሬ ሲሰማ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቴሌፓቲ የሚባለው ምንድን ነው?

አንድ ሰው ያሰበውን ወይም የተሰማውን ነገር ሌላ ሰው በዓይን፣ በጆሮ፣ በመንካት ወይም በሌላ በሚታወቅ መንገድ ሳይደርሰው ማወቁ ነው። ባልና ሚስት አንዱ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሌላው ቢጨርሰው ቴሌፓቲ አይባልም። አብረው ኖረዋል፤ ይተዋወቃሉ። ስሙን አንስተን ሳንጨርስ የሚደውል ወዳጅም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አስበነው ሳይደውል የቀረበትን ቀን የሚቆጥር የለምና።

ስለዚህ የተመራማሪው ሥራ ሁለት ነው። መጀመሪያ የሚታወቁትን መንገዶች ሁሉ ይዘጋል። ከዚያ የቀረው ውጤት በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ይችል እንደሆነ ያሰላል። ወለሉ ላይ ውሃ ያየ ሰው ጣራው ያፈሳል ብሎ ከመደምደሙ በፊት መስኮቱ መዘጋቱን፣ ቧንቧው ደህና መሆኑን ያያል። የቴሌፓቲ ተመራማሪዎችም ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚህ ነው። ይሄስ ተዘጋ ሲሉ ያላሰቡት ሌላ ቀዳዳ ይገኛል።

ምርምሩ ለምን በዚያ ዘመን ተጀመረ?

በ1866 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የተዘረጋው የቴሌግራፍ ገመድ፣ በመርከብ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረውን መልእክት በደቂቃዎች ማድረስ ጀመረ። በ1876 ስልክ መጣ። ድምፅ በሽቦ ከሄደ ሐሳብ ያለ ሽቦ ቢሄድ ምን ይገርማል? ያኔ ይህ የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። በሌላ በኩል የዳርዊን ትምህርት የብዙ ምሁራንን እምነት አናግቶ ነበር። ሰው ከሥጋው ያለፈ ነገር አለው ወይ የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰዎች ነበሩ። የካምብሪጁ ፈላስፋ ሄንሪ ሲጅዊክ በሃይማኖት ጥርጣሬ ምክንያት በ1869 የትሪኒቲ ኮሌጅ አባልነቱን ለቋል።

በ1876 ከደብሊን የመጣው የፊዚክስ ሊቅ ዊሊያም ባሬት፣ ግላስጎው ላይ በተደረገ የሳይንቲስቶች ጉባኤ ስለ «ሐሳብ መሻገር» ጽሑፍ አቀረበ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1882፣ ለንደን ውስጥ የሳይኪካል ምርምር ማኅበር ተቋቋመ፤ እንደ ሐሳብ ማንበብ ያሉ እንግዳ ክስተቶችን የሚመረምር ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሲጅዊክ ነበር። «ቴሌፓቲ» የሚለውን ስም ያወጣውም በዚያው ዓመት ከመሥራቾቹ አንዱ ፍሬደሪክ ማየርስ ነው። አባላቱ ተራ ሰዎች አልነበሩም። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሎርድ ሬይሊ፣ ኤሌክትሮንን ያገኘው ጄ ጄ ቶምሰን፣ በኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው አርተር ባልፎር ነበሩበት። የባልፎር እህትና የሲጅዊክ ባለቤት ኤሌኖር ሲጅዊክም አለች። ሒሳብ አዋቂ ናት፤ በኋላ የኒውነም ኮሌጅ ኃላፊ ሆናለች። በእኔ ግምት ከሁሉም ጠንቃቃዋ እሷ ነበረች።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ምን ይመስሉ ነበር?

የቤት ውስጥ ጨዋታ ይመስሉ ነበር። በእንግሊዝ ደርቢሺር፣ ባክስተን ከተማ ክሪሪ የሚባሉ ቄስ ነበሩ። ሴቶች ልጆቻቸው ሐሳብ ያነባሉ ተብሎ ተወራላቸው። አንዷ ከክፍሉ ትወጣለች። የቀሩት አንድ የመጫወቻ ካርታ ወይም አንድ ስም ይመርጣሉ። ልጅቷ ተመልሳ ትገባና የተመረጠውን ትናገራለች። ባሬትና ባልደረቦቹ በ1881 እና በ1882 ፈተኗቸው፤ ውጤቱም አስደነቃቸው። በጨዋ ቤት ያደጉ የቄስ ልጆች ያታልላሉ ብሎ ማሰብ ለዚያ ዘመን ሰው ከባድ ነበር።

በ1887 በካምብሪጅ እንደገና ሲፈተኑ እህትማማቾቹ ምልክት ሲሰጣጡ ተያዙ። ዓይንን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ማድረግ አራቱን የካርታ ምድቦች ይናገራል። መሃላቸው መጋረጃ ሲደረግ ደግሞ በሳልና እግርን በመጎተት ይግባባሉ። ልጆቹም አመኑ። የማኅበሩ ጸሐፊ ኤድመንድ ጉርኒ ይህን ሁሉ ጽፎ በማኅበሩ መጽሔት አወጣው። ለዓመታት የደከመበትን ማስረጃ በገዛ እጁ ማፍረሱ ነበር። እንዲህ ያለ ሐቀኝነት ሊከበር ይገባል።

ሌላው የማኅበሩ ትልቅ ማስረጃ ብራይተን ውስጥ በጆርጅ አልበርት ስሚዝና በዳግላስ ብላክበርን የተሠራ ነበር። ብላክበርን የተሰጠውን ሥዕል ያያል። ዓይኑ የታሰረው ስሚዝ ያንኑ ይስላል። ከ20 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1908 እና በ1911፣ ብላክበርን ነገሩ ሁሉ በምስጢር ምልክት የተሠራ ማታለያ ነበር ብሎ በጋዜጣ ጻፈ። ስሚዝ ሞቷል ብሎ አስቦ ነበር። ስሚዝ ግን በሕይወት ነበር፤ ክሱንም ካደ። ማን እውነቱን እንደተናገረ መከራከር ይቻላል። ሙከራው ግን ማታለልን የሚከለክል ሆኖ አልተዘጋጀም፤ ማስረጃነቱን ያሳጣውም ይኸው ነው።

ሰው በሞተበት ሰዓት ለዘመዱ መታየቱስ?

ይህ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ሩቅ አገር ያለ ልጅ ይሞታል፤ እናት በዚያው ሌሊት በሩ ላይ ቆሞ ታየዋለች። በ1886 ጉርኒ፣ ማየርስና ፍራንክ ፖድሞር 702 እንዲህ ያሉ ታሪኮችን ሰብስበው አሳተሙ። ግን ስንት ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ማንም ሳይሞት ቀርቷል? ይህ ካልታወቀ 702ም ይሁን 7,000 ብዙ አይናገርም።

ማኅበሩ ጥያቄውን ለመመለስ 17,000 ሰዎችን ጠየቀ። ነቅተህ ሳለህ በአካል የሌለ ሰው አይተህ ወይም ድምፅ ሰምተህ ታውቃለህ ወይ የሚል ነበር። 1,684 ሰዎች አዎ አሉ። ከአሥር አንድ ያህል መሆኑ ነው። ጤነኛ ሰው የሌለ ነገር ሊያይ መቻሉ በራሱ ትልቅ ግኝት ነበር። ሪፖርቱ በ1894 ሲወጣ፣ የታወቀ ሰው ከታየባቸው ታሪኮች ከ43 አንዱ ያ ሰው ከሞተበት ሰዓት ጋር ይገጥማል አለ። በአጋጣሚ ቢሆን ከ19,000 አንድ ነበር መሆን ያለበት።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። ችግሩ ያለው ትዝታ ላይ ነው። ከሞት ጋር የገጠመ ራእይ ዕድሜ ልክ አይረሳም፤ በየለቅሶው ይነገራል። ያልገጠመው ግን በሳምንቱ ይረሳል። ኤሌኖር ሲጅዊክና ባልደረቦቿ ይህን አውቀው የመርሳቱን መጠን ገምተው ሒሳቡን አስተካክለዋል። ሆኖም የተጠየቁት ሰዎች የብዙዎቹ ታሪክ የብዙ ዓመት ነው፤ ከመሞቱ ዜና በፊት የተጻፈ ማስታወሻ ያላቸው በጣም ጥቂት ነበሩ። ሰው ሳይዋሽም ሰዓቱን ያቀራርባል። በሐዘን ውስጥ ያለፈ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ማንም ሳያታልል መልሱ ሊያፈተልክ ይችላል?

ይችላል። ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚበልጥብኝ ይህ ክፍል ነው።

በ1870ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተደበቀ መርፌ የሚያገኙ «ሐሳብ አንባቢዎች» ትርዒት ያሳዩ ነበር። አንባቢው መርፌውን የደበቀውን ሰው እጅ ይይዛል፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ቦታው ይሄዳል። የነርቭ ሐኪሙ ጆርጅ ቢርድ ምክንያቱን አስረዳ። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ሳይታወቀው ጡንቻው ወደዚያ ይሳባል። አንባቢው የሚያነበው እጅን ነው።

በ1895 ደግሞ ሃንሰንና ሌማን የተባሉ ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች ጆሮን ፈተሹ። ሁለት ጎድጓዳ መስተዋቶችን ፊት ለፊት አቆሙ። እንዲህ ያለ መስተዋት ብርሃንን እንደሚሰበስብ ድምፅንም ይሰበስባል። የአንዱ ሰው አፍ አንደኛው መስተዋት ድምፅ በሚሰበስብበት ነጥብ ላይ፣ የሌላው ጆሮ በሁለተኛው ነጥብ ላይ ሆነ። ላኪው አንድ ቁጥር በኃይል ሲያስብ፣ ከንፈሩ ተዘግቶም ቢሆን ጉሮሮው በጣም ቀጭን ሹክሹክታ ያወጣል። ተቀባዩ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን አገኘው። እነ ሲጅዊክ ብራይተን ላይ በቁጥር ያደረጉት የቴሌፓቲ ሙከራም በዚህ መንገድ ሊብራራ እንደሚችል ተናገሩ። ክርክሩ ከባድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ላኪና ተቀባይን አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ አስተማማኝነቱን አጣ።

ከሁሉ የታወቀው በርሊን ውስጥ የነበረው ሃንስ የተባለ ፈረስ ነው። ባለቤቱ ቪልሄልም ፎን ኦስተን የተባለ ጡረታ የወጣ መምህር ነበር። ሦስትና አራት ስንት ነው ሲባል ፈረሱ በሰኮናው ሰባት ጊዜ መሬቱን ይመታል። በ1904 የተሰበሰበ ኮሚሽን ምንም ማታለያ አላገኘም። አልተሳሳተም፤ ማታለያ አልነበረም። ከዚያ ኦስካር ፉንግስት የተባለ ወጣት ተመራማሪ አንድ ቀላል ነገር አደረገ። ጠያቂው ራሱ መልሱን ሳያውቅ እንዲጠይቅ አደረገ። ፈረሱ ወዲያው መሳሳት ጀመረ። ፉንግስት ተከታትሎ ምስጢሩን አገኘ። ሰው ጥያቄውን ጨርሶ ወደ ሰኮናው ለማየት ትንሽ ያጎነብሳል፤ ፈረሱ መምታት ይጀምራል። ትክክለኛው ቁጥር ሲደርስ የጠያቂው ራስ ለዓይን በሚያዳግት መጠን ቀና ይላል፤ ፈረሱ ያቆማል። የሚገርመው ፉንግስት ይህን ካወቀ በኋላም ራሱ ሲጠይቅ እንቅስቃሴውን ማስቀረት ከብዶት ነበር። ፎን ኦስተን አታላይ አልነበረም። ፈረሱን ከልቡ ይወድ ነበር፤ በሙሉ ልብም ያምንበት ነበር።

በዕድል ማግኘትና አውቆ ማግኘት በምን ይለያሉ?

የፈረንሳዩ ሐኪም ሻርል ሪሼ በ1884 ጥሩ ሐሳብ አመጣ። ሪሼ በሌላ ሥራው በ1913 የሕክምና ኖቤል ያገኘ ሰው ነው። ልዩ ስጦታ አላቸው የሚባሉትን ትቶ ተራ ሰዎችን ያዘ። ካርታ በዕጣ ይወጣል፤ ላኪው ያየዋል፤ ተቀባዩ ከአራቱ ምድቦች አንዱን ይጠራል። በዕድል ብቻ ከአራት አንዱ ይገኛል። በ2,927 ግምት ውስጥ 732 ያህል ይጠበቅ ነበር፤ የተገኘው 789 ሆነ። ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የውጤቱ ነገር እስከ ዛሬ አያስማማም። አሠራሩ ግን ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገሩን በዕጣ መምረጥ፣ ብዙ ጊዜ መድገም፣ ከአጋጣሚ ጋር ማወዳደር ያኔ በሌሎች ሳይንሶች ገና አልተለመደም ነበር።

ዕጣ ለምን አስፈለገ? አሜሪካዊው ቻርልስ ማይኖት ሰዎች ያሻቸውን ሥዕል እንዲስሉ ጠይቆ አሳየው። ክብና አራት ማዕዘን ከሌላው ሁሉ በዝተው ወጡ። ላኪና ተቀባይ ሁለቱም ከራሳቸው ካመጡት፣ ሐሳብ ሳይሻገር ክብ ከክብ ጋር ይገጥማል። የሰው አእምሮ ተመሳሳይ መንገድ ይወዳል።

በ1917 የስታንፎርዱ ጆን ኩቨር ሌላ ነገር ጨመረ። በ10,000 ያህል ሙከራ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ላኪው ካርታውን አየው። በቀረው ግን ማንም አላየውም። ተቀባዩ የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ሐሳብ የሚሻገር ከሆነ የታየው ካልታየው መብለጥ አለበት። ጎላ ያለ ልዩነት አልተገኘም። ዛሬ መድኃኒት ሲሞከር ለግማሹ በሽተኛ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን የሚሰጠው በዚሁ ስሌት ነው።

የዱክ ዩኒቨርሲቲው ሙከራስ? እሱ አላረጋገጠም?

ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ባለ አምስት ምልክት ካርዶች የመጡት ከዚያ ነው። ክብ፣ መስቀል፣ ሞገድ፣ አራት ማዕዘን፣ ኮከብ። ካርል ዜነር የተባለ የሥነ ልቦና ሰው ነው ያዘጋጃቸው። ጆሴፍ ባንክስ ራይን በ1930ዎቹ በሰሜን ካሮላይና ተጠቀመባቸው። ካርዶቹ 25 ናቸው፣ ከእያንዳንዱ ምልክት አምስት። በዕድል ብቻ ከ25 አምስት ይገኛል።

ራይን በ1934 ከ90,000 በላይ ግምቶችን ይዞ ወጣ፤ ውጤቱ ከዕድል በላይ ነው አለ። ከሁሉ የታወቀው ሁበርት ፒርስ የተባለ የነገረ መለኮት ተማሪ ነው። እሱ በአንድ ሕንፃ፣ ካርዶቹን የሚያነሣው ጋይተር ፕራት በሌላ ሕንፃ ሆነው 1,850 ግምት ተደረገ። 370 ይጠበቅ ነበር፤ 558 አገኘ። ይህ በአጋጣሚ አይመጣም። የሒሳብ ሊቃውንትም በ1937 ስሌቱ ትክክል ነው አሉ። ራይንን መንቀፍ የሚፈልግ ከሒሳቡ ውጭ ይፈልግ አሉ።

ተፈለገ። መጀመሪያ በስፋት የታተሙት ካርዶች በአንዳንድ ብርሃን ምልክታቸው ከጀርባ ይታይ ነበር። ብዙዎቹ የቀድሞ ሙከራዎች ላኪና ተቀባይ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የተደረጉ ናቸው። ፒርስን ደግሞ በተቀመጠበት ሕንፃ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም፤ ወጥቶ ማየት ይችል ነበር። አየ ማለት አይደለም። መንገዱ ግን አልተዘጋም። ሌሎች ሲደግሙት ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በ1936 ፕሪንስተን ላይ 132 ሰዎች 25,064 ጊዜ ገመቱ፤ ከዕድል የተለየ ነገር አልታየም።

በዚሁ ጊዜ ዜኒት የተባለ የሬዲዮ ኩባንያ ለአድማጮቹ ፈተና አቀረበ። ስቱዲዮ ውስጥ ያሉ ሰዎች አምስት ምልክት በተርታ ያስባሉ፤ አድማጩ የገመተውን በፖስታ ይልካል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ግምት መጣ። አንዳንዱ ሳምንት ውጤቱ እጅግ ከፍተኛ ነበር። ሉዊስ ጉድፌሎ በ1938 ምክንያቱን አወጣ። ሰው ሲገምት የሚወደው ቅደም ተከተል አለ። በዕጣ የወጣው ተርታ ሰው ከሚወደው ጋር ሲገጥም ብዙ ሰው «አገኘ»፤ ሳይገጥም ሲቀር ብዙ ሰው ሳተ። የማይኖት ክብና አራት ማዕዘን ከ50 ዓመት በኋላ በሬዲዮ ተመለሱ።

ተመራማሪው ራሱ ቢሆንስ?

ሳሙኤል ሶል የለንደን ሒሳብ መምህር ነበር። ራይንን ሊደግም ብሎ 160 ሰዎችን ፈተነ። ከ128,350 ግምት ምንም አላገኘም። ከዚያ በ1941 ቤዝል ሻክልተን ከተባለ ፎቶ አንሺ ጋር በጀመረው ሙከራ አስደናቂ ውጤት ይዞ መጣ። ምስክሮች ነበሩ፣ የሚገመተውን ካርድ የሚወስኑት ቁጥሮችም ከሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ተወስደዋል ተባለ። ለዓመታት የቴሌፓቲ ጠንካራው ማስረጃ ይህ ነበር። በ1978 ቤቲ ማርክዊክ ቁጥሮቹን በኮምፒውተር ስትመረምር በተርታው መሃል ተጨማሪ አኃዞች ተሰክተው አገኘች። የተሰኩት አኃዞች አብዛኞቹ ትክክለኛ ግምት ላይ የሚውሉ ነበሩ። እነሱ ሲወጡ ውጤቱ ወደ ዕድል ወረደ። ሶል ከሦስት ዓመት በፊት ሞቶ ስለነበር አልተጠየቀም። ይህን ያገኘችው ማርክዊክ ራሷ የሳይኪካል ምርምር ማኅበር አባል ናት፤ ጽሑፏንም ያሳተመው ማኅበሩ ነው።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ድካም ምን ተገኘ?

ቴሌፓቲ አልተገኘም። ቁጥጥሩ በጠበቀ ቁጥር ውጤቱ እየደከመ ሄደ። ሌላ ብዙ ነገር ግን ተገኘ። ሃንስ ቤርገር የተባለ ጀርመናዊ ወጣት በ1890ዎቹ መጀመሪያ በወታደር ልምምድ ላይ ከፈረስ ወድቆ ለጥቂት ከሞት ተረፈ። በዚያው ቀን አባቱ ቴሌግራም ላኩ፤ ሩቅ ያለችው እህቱ ወንድሜ አደጋ ደርሶበታል ብላ ስለነበር ነው። ቤርገር ይህን ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም። ሐሳብን የሚሸከመውን ኃይል አገኛለሁ ብሎ ሐኪም ሆነና አንጎልን አጠና። ያንን ኃይል አላገኘም። በ1924 ግን የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፤ በ1929 አሳተመው። ዛሬ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ራሱ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎለት የሚደረገው ምርመራ ይኸው ነው። «ቴሌፓቲ» የተባለው የኒውራሊንክ መሣሪያም የሚያነበው የአንጎልን ኤሌክትሪክ ነው። ሽቦ አለው፣ ቺፕ አለው፣ ኮምፒውተር አለው። የሚታወቅ መንገድ ነው።

የልጆቹ ጉዳይ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ፖድካስቱ ውስጥ በተነገሩት በብዙዎቹ ሙከራዎች ሰሌዳውን የምትይዘው ወይም ልጁን የምትነካው ወይም አጠገቡ የምትቀመጠው፣ መልሱን የምታውቀው እናት ወይም ረዳት ናት። ይህ የበርሊኑን ፈረስ ጠያቂ ቦታ መያዝ ነው። ልጁ የረዳቱን ትንሽ እንቅስቃሴ ሊከተል ይችላል፤ ወይም ረዳቷ ሳታውቅ ሰሌዳውን ልታንቀሳቅስ ትችላለች። ከፍቅር የመጣ ነው እንጂ ከተንኮል አይደለም። ልጇ ድምፅ እንዲኖረው የምትመኝ እናት ላይ መፍረድ ልክ አይመስለኝም።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመሳሳይ ዘዴ አሜሪካ ውስጥ ተስፋፍቶ ነበር። ረዳቱ የልጁን እጅ ይዞ ያስተይባል። ያኔ ተመራማሪዎች ለልጁ አንድ ሥዕል፣ ለረዳቱ ሌላ ሥዕል አሳዩ። አንዱ የሌላውን አያይም። በተደጋጋሚ የተጻፈው ረዳቱ ያየው ነበር። በዚያ ዘዴ በተጻፈ ቃል ሰዎች በሐሰት ተከሰዋል፣ ቤተሰብ ፈርሷል። የአሜሪካ የንግግርና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር በ2018 ዘዴው መተው አለበት ብሎ በይፋ ወስኗል።

ልጅ አለኝ፣ አይናገርም፣ ይህን ዘዴ ልሞክር ወይ ለሚል ወላጅ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው። ረዳቱ መልሱን ሳያውቅ፣ ልጁንም ሰሌዳውንም ሳይነካ፣ ከልጁ ዓይን ውጭ ሆኖ ልጁ ይመልሳል? የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው የሥዕል ካርዶችና ልጁ በራሱ ጣት የሚነካቸው ታብሌቶች አሉ። በነሱ አንድ ልጅ «ውሃ» የሚለውን ሲነካ፣ የጠማው እሱ ራሱ መሆኑ አያጠራጥርም።